የእብሬ ልጅ በሸለቆ

እኔ ማጋነን አልወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ማጋነን አይሆንለትም። የምነግራችሁን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ ያላየሁትንም አላየሁም እላለሁ።

ስሜ ሰዓዳ ይመር ይባላል። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ልጆቹ የሚማሩበት ጨዋታም ተጠሪ እኔው ነኝ። ለሁለቱም ሥራ አንድ ወንበር ነው ያለኝ፤ እሱም ይንገዳገዳል።

በእኛ ከተማ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ልጅ አታዩም። የውሃ ሰዓት ነው። ሹፌር አልባዎቹ ባጃጆች እንኳ በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ ጡሩምባቸው ይዘጋል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው ይቆሙና መነጽራቸውን አድርገው እጃቸውን ይዘረጋሉ። በመስኮት ላያቸው ሰው አየር የሚያርሙ ይመስላሉ። አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ሌላው የማይታይ ነገር ይገፋል፣ አንዷ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። ሳል እንኳ አይሰማም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁን ትቶ ወደኋላ ይላል።

ጨዋታው «ሸለቆ» ይባላል። በአገሩ ያሉ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ትምህርት ቤቶች በአንድ ረጅም ወንዝ ዳር መሬት አላቸው፤ እያንዳንዱ ልጅም የራሱ መደብ አለው። ውሃ የሚለቀቀው ጥያቄ ሲመለስ ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ መደቡ ይደርቃል፣ የገባው ለጎረቤቱ ያካፍላል። ከላይ ያለው ትምህርት ቤት ከሰነፈ ደግሞ ታች ላለው ውሃ አይደርሰውም። በዚህ መንገድ ነው ልጆቹ የሚማሩት። የክፍል ፈተና የሚባለውን ነገር ከነስሙም አያውቁትም።

ጨዋታውን የሚደግፈው ሰርጥ ኔት ነው፤ የኢንተርኔት መስመር የሚሸጠው ድርጅት። በእናቴ ዘመን የኢንተርኔት ድርጅቶች ትምህርት ቤት ሲረዱ ግድግዳው ላይ አርማ ለጥፈው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዱ ነበር አሉ። በኋላ አንድ ብልጥ ሰው ተነሳና ጨዋታውን ደግፉ፣ ትምህርት ቤቱን በሱ በኩል ያዙ አለ። እውነቱን ነው። ልጁ የሚማርበትን መስመር ትቶ ሌላ መስመር ቤቱ የሚያስገባ ወላጅ የት አለ? ድርጅቱ ከተማውን በሙሉ አገኘ። እኛም መስመር አገኘን፤ ከመስመሩ ጋር ፊዚክስ ከአዲስ አበባ፣ ኬሚስትሪ ከመቀሌ፣ እንግሊዝኛ ከሐዋሳ በግድግዳችን ላይ ይመጣ ጀመር። ከዘጠኙ የትምህርት ዓይነት ስድስቱን የሚያስተምሩት ሐይቅን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ያስተምራሉ፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። አምና ከእኛ ዘንድ አሥራ ስድስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል።

ውሉ ላይ ግን አንዲት አንቀጽ አለች። በየቀኑ፣ ኢድም ይሁን ጥምቀት፣ ከተማሪው ቢያንስ ግማሹ ፀሐይ ስትጠልቅ ሸለቆ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ቆጠራው ያኔ ነው። አንድ ቀን ከጎደለ ድጋፉ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል። እኛ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ቀን ሳናጎድል ሠርተናል። ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይበራል፤ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ ሳያየው አያልፍም። በከተማዋ ሠርግ የሚቆረጠው የሸለቆን የመኸር ሳምንት አስልቶ ነው። መስመሩ ከሄደ ትምህርት ቤቱ በሦስት መምህራን መቆም አይችልም። ልጆቹ ደሴና ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ይበተናሉ፤ ዘመድ የሌለው እቤቱ ይቀራል። በእጄ የነበረው ይህ ነው።

ሰው ሲሞትስ ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር ቅሬ አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሰፈሩ በአንድ ቅሬ ታቅፎ ይኖራል፤ ከአባላቱ አንዱ የሞተ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ሳይመሽም አይመለስም። ልጅ አዋቂ የለም። ከተማዋ ስድስት ቅሬ ስላላት የአንዱ ሰፈር ልጆች ለቅሶ ሲወጡ የአምስቱ ሰፈር ልጆች መሬቱን ይይዛሉ። እንዲህ እየተፈራረቅን ስንቱን ቀበርን።

የስድስቱም ቅሬ ጠሪ አያ እብሬ ነበር። መነጽሩም፣ ግድግዳውም፣ ምኑም ሞልቶ ሳለ ይህች ከተማ ሞትን በማሽን አልነግርም ብላ ድርቅ ብላለች፤ ሞት በሰው አፍ ነው የሚነገረው። አያ እብሬ ጎህ ሲቀድ ስድስቱን ሰፈር እየዞረ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩንም ሰዓት ሦስት ሦስት ጊዜ ይጠራል። ድምፁ ውሃውን ተሻግሮ እስጢፋኖስ ገዳም ይሰማል ይላሉ። እኔ ገዳሙ ውስጥ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። ቤቴ ሆኜ ግን ሰምቼዋለሁ፤ ከአራት ዓመት በፊት የባለቤቴን ስም ሲጠራ።

ኅዳር ወር ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ አያ እብሬ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ በራፉ ላይ ወደቀ። ሰው ደርሶ ሲያነሳው አልፏል። ቤቱ ውስጥ ከአንዲት ልጁ ከነጃት በቀር ማንም አልነበረም፤ እናቷ ስትወልዳት ነው የሞተችው። ነጃት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። ዝምተኛ ናት። ጥያቄ ስትጠየቅ መልሱን ካወቀችው በኋላም አንድ ጊዜ ታስብና ነው የምትናገረው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የቅሬው ዳኛ አያ ደጉም መጣ። ከዚያ ሁሉም ቆመው ተያዩ። ጠሪው ነው የሞተው፤ ማን ይጥራ?

ነጃት ያኔ ምን እንዳሰበች በኋላ ነግራኛለች። ሰዓቱ ወደ አንድ ተኩል ሄዷል፤ የከተማው ልጅ በሙሉ አዳራሽ ነው፤ ልጅ ሁሉ ከሰማ ቤት ሁሉ ይሰማል። ጓዳ ገብታ መነጽሯን አደረገች።

ሸለቆ ውስጥ የጎርፍ ጡሩምባ የሚሉት አለ። አንድ ልጅ ሲነፋው ከወንዙ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፤ ያለ ጎርፍ የነፋ ይቀጣል። ነጃት ሩቅ የሚሰማ ሌላ ነገር አታውቅም። ነፋችው።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አራት መቶ እጅ አየር ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ የነጃት ድምፅ በማጉያው መጣ።

«እብሬ መሐመድ ሙሄ አርፏል። ስድስታችሁንም ሲጠራችሁ የኖረው እብሬ ነው። ቀብሩ ሰባት ሰዓት፣ ከዙሁር በኋላ ነው። የምጠራችሁ ልጁ ነጃት ነኝ።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የከተማውን ስም ግን አልጠራችም። የቅሬ ጠሪ የከተማ ስም አይጠራማ፤ የሚሰማው ሁሉ እዚያው ያለ ሰው ነው። አባቷ ሲያደርግ ያየችውን ነው ያደረገችው። እዚያች ሰዓት ላይ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ትምህርት ቤት ሰው እንደሞተ ሰምቶ፣ የት እንደሞተ ሳያውቅ ቀረ።

የእኛ ልጆች ግን አወቁ። መነጽራቸውን አውልቀው በየመስቀያው እየሰቀሉ ወደ በሩ መጡ። የአንድ ሰፈር ልጆች አይደሉም፤ የስድስቱም ናቸው። አያ እብሬ ያልጠራለት ቤት በሐይቅ የለምና።

የሠራሁትን አልደብቅም። በሩ ላይ ሄጄ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። ግማሻችሁ ቅሩ፣ እባካችሁ፣ እስከ ማታ ብቻ፣ ቁጥሩን ታውቁታላችሁ አልኳቸው። ልጆቹ አልጮኹም፣ አልተጋፉኝም። ቆመው አዩኝ ብቻ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ እናቴን የጠሩልኝ እሳቸው ናቸው አለችና በክንዴ ሥር አለፈች። እኔስ ባሌን የጠራልኝ ማን ነበር? ክንዴን አወረድኩ። አዳራሹን ቆልፌ፣ ጥቁር ሻሼን አስሬ፣ ነጠላዬን ደርቤ ከኋላቸው ሄድኩ።

ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ወደ መቃብር ሲወጡ እኛ ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ቀረን። ነጃት በመካከላችን ተቀምጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔ አላህ ይቅር ይበለኝና በነጠላዬ ሥር የትምህርት ቤቱን ትንሽ የእጅ ሰሌዳ ይዤ ነበር፤ ሸለቆን የሚያሳየውን። የእኛ መሬት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይገረጣ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ቦዩ ነጣ። አራት መቶ አሥራ ሁለት መደብ፣ አሥር ዓመት ከምናምን የተለፋበት፣ ዓይኔ እያየ ተሰነጣጠቀ። ለማን ይነገራል? ለቅሶ ቤት ነው ያለሁት።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ሰሌዳው ላይ፣ ወደ መሬታችን አንድ ልጅ መጣ። የእኛ አይደለም። በላይኛው በር በኩል ገብቶ ቆመ፤ ከራሱ በላይ የትምህርት ቤቱ ስም ተጽፏል፣ ጂንካ ይላል። «የሞተባችሁ እናንተ ናችሁ?» ብሎ ጻፈ። የደረቀውን መሬት ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን መደብ ጥያቄ መመለስ ጀመረ። የማን መደብ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ውሃ ገባበት።

ከእሱ በኋላ ሁለት ልጆች ከአሶሳ መጡ። ከጎዴ አንዲት ልጅ። ከአክሱም አምስት። በወንዙ ዳር ወደላይም ወደታችም ሰው የሌለበትን መሬት እየፈለጉ ሲሄዱ የቆዩ ናቸው፤ ባዶ ቦታ ያለበት፣ የሞተባቸው ልጆች ያሉበት እዚያ ነው ብለው። አሳንሼ ወንዙን በሙሉ አየሁት። ከምንጩ እስከ ቆላው ድረስ ዳር ዳሩን ልጅ ተሰልፎ ይመጣል። የራሳቸውን መሬት ጥለው። ሁለት ሺህ ሆኑ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ሆኑ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፤ ሥልሳ አንድ ሺህ ላይ ዓይኔ እምባ ሞልቶ ማንበብ አቃተኝ።

ጨዋታው ሁልጊዜ ሙዚቃ አለው። ልጆቹ አጥፍተውታል። መደቦቻችን በአንድ አፍታ ውሃ ጠጡ፤ አረንጓዴ ሆኑ። ሥራ ያልደረሳቸው ልጆች ግን አልተመለሱም። ከአጥሩ ውጭ፣ ወንዙ ዳር፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሸለቆ ውስጥ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም እኮ። ለአረም ጎንበስ ማለት ብቻ ነው ያለው። ጎንበስ ብለው፣ ሳያርሙ፣ እንደዚያው ቀሩ። ያን ሁሉ ሺህ ልጅ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተማረው ማን ነው? እኔ አላስተማርኩም፤ ጨዋታው ውስጥም የጻፈው የለም።

ሰሌዳውን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት፤ መደበቁን ተውኩት። አጠገቤ ያለችው ሴት አየች፤ ለቀጣይዋ አሳየች። ሰሌዳው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ነጃት ዘንድ ደረሰ። ነጃት ስትጠይቀኝ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ አባቴን ያውቁታል?»

«አያውቁትም ልጄ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ስለጠራሻቸው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር።

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ በትምህርት ቤቱ በር በኩል አለፍኩ። ፀሐይዋ ጠልቃለች። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ የሚለው ጠፍቶ ዜሮ በርቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ የሐይቅ ልጅ አንድም አልተገኘማ። ጨዋታው የሚቆጥረው እሱን ነው። መሬታችን አረንጓዴ ሆኖ፣ ትምህርት ቤታችን ግን በውሉ መሠረት ተዘግቷል።

በማግስቱ ጠዋት የሰርጥ ኔቷ ሶስና ግድግዳዬ ላይ ብቅ አለች። ከትምህርት ቤቶች ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ሁልጊዜ «ቲቸር ሰዓዳ» የምትለኝ። እኔ ልመናዬን አዘጋጅቼ ነበር። አላስጀመረችኝም። ትናንት ድርጅቱ ከተቋቋመ ወዲህ መስመሩ ላይ ያን ያህል ሰው ተገናኝቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ልጆቹ ምን እንደሆኑ ሊያዩ ወላጆቻቸው ገብተዋል፤ መስመር ያልነበራቸው ሰዎች እንኳ አስገቡልን ብለው ተሰልፈዋል። ስለዚህ የጎደለችው ቀን ትታለፋለች፣ ድጋፉ ለአሥር ዓመት ይታደሳል፣ ሁለት ክፍል ይሠራልናል፣ የኬሚስትሪ መምህርም ይመጣል። በአካል። ሰው፣ እግር ያለው። ግድግዳውን ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

በምትኩ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋሉ አለች። የነጃት ድምፅ። ከየካቲት ጀምሮ በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት ጡሩምባው ይነፋል፤ ነጃት የሟች ስም ትጠራለች፤ አንድ መሬት ይደርቃል፤ ልጆቹ ፈልገው ያገኙታል። ስሙን ድርጅቱ ያዘጋጃል። ነጃት ወላጅ ስለሌላት ለእሷ የሚፈርመው ቅሬው ነው፤ አያ ደጉ ደግሞ ቲቸር ሰዓዳ ያለችው ይሁን ብሏል። እምቢ ካልንስ ስላት ሶስና ዓይኗን ሰበረች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ውሉ እንደ ውሉ ይሆናል አለች።

ሐዘኑ ካበቃ በኋላ ነጃትን ቢሮዬ ጠራኋት። ሶስናም ግድግዳው ላይ ነበረች። እሺ እንድትልልኝ ነበር የምፈልገው፤ ይታወቅልኝ። ስለ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ልጆች፣ ዘመድ ስለሌላቸው ልጆች ነገርኳት። እሷም ከእነሱ አንዷ ናት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ወደ ሶስና ዞረች።

«የሚሞተው ማን ነው?»

«ማንም አይሞትም፣ የኔ ቆንጆ። ጨዋታ ነው» አለች ሶስና።

ነጃት እንደ ልማዷ አንድ ጊዜ አሰበች። «ሰው ካልሞተ አልጠራም» አለች።

«ነጃት፣ ትምህርት ቤቱ እኮ ይዘጋል» አልኳት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወለሉን እያየች እንዲህ አለች፦ «በእውነት የሞተ ሰው ካለ እጠራለሁ። ከየትም ይሁን። ግን የሞተውን ሁሉ ነው የምጠራው። አባቴ መርጦ ጠርቶ አያውቅም።»

ሶስና እጠይቃለሁ ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ተስማምተዋል። በእውነተኛ ሰው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ሰው ይገናኛል ብለው አስልተው ይሆናል። ምን እንዳሰሉ አላየሁም።

የካቲት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። ነጃት አዳራሹ ፊት ለፊት ቆማለች። ግድግዳው ላይ ዝርዝሩ ወጣ፤ በወንዙ ዳር ትምህርት ቤት ካላቸው ከተሞች ሁሉ በዋዜማው የሞቱ ሰዎች። ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት ናቸው። ሶስና አምስቱን በአረንጓዴ አቅልማቸዋለች፤ አንዱ የታወቀ ዘፋኝ ነው፣ ሁለቱ ተማሪዎች። ጊዜ ካጠረ እነዚህ ይበቃሉ አለችኝ። ነጃት ጡሩምባውን ነፍታ ከመጀመሪያው ስም ጀመረች።

ስሙን ከነአባቱ፣ ከተማውን፣ የቀብሩን ሰዓት። አሁን የከተማውን ስም ትጠራለች፤ ከተማው ብዙ መሆኑን አውቃለች። አልቸኮለችም። የሕፃን ስም ሲደርሳትም፣ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ስም ሲደርሳትም በአንድ ድምፅ ነው። ሸለቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ይሰማታል። በዚያ ጠዋት በአገሩ ሁሉ አንድም ልጅ መደቡን አላጠጣም፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መነጽሩን ያወለቀ ልጅም የለም። የእኔም አራት መቶ ልጆች በፊቴ አጎንብሰዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ማጋነን አይደለም።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ስም ላይ ደረሰች። «ኃይለጊዮርጊስ ወሰኔ። ሞጆ። ሦስት ሰዓት።» በዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ይላል። ዘመድ በሚለው ሥር አልተገኘም ተብሏል፤ የሚቀብረው ማዘጋጃ ቤት ነው። ነጃት ቀና ብላ ያንንም ጠራችው፦ «ዘመድ አልተገኘም።» ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።

ብዙም ሳይቆይ ሶስና በጎኔ ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ ተለዋውጧል። ሞጆ ያሉ ሦስት መቶ ስምንት ልጆች መነጽራቸውን አውልቀዋል፣ ብልሽት ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳልሰጣት ደብረ ታቦር ዘጠና አለች። ጊምቢ ሁለት መቶ። ጅግጅጋ። አርባ ምንጭ። ነጃት አንድ ከተማ ስትጠራ ከዚያ ከተማ መሬት ላይ ልጆቹ ይነሳሉ፣ ይጠፋሉ። ወንዙ ዳር እየተራቆተ ሄደ። መስመሩ ላይ ያለው ሰው በደቂቃ በሺህ እየቀነሰ ነው አለች ሶስና።

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ቀብር» አልኳት።

ቀስ ብላ ተናገረች። «ቲቸር ሰዓዳ፣ ይሄ ከቀጠለ ውሉን ላድንልዎ አልችልም። አለቆቼ እያዩ ነው። እባክዎ ያስቁሟት። አምስቱ ተጠርተዋል፣ ይበቃል።»

የማጉያው መዝጊያ እጄ ሥር ነበር። ነጃት አራት መቶኛው ስም አካባቢ ናት፤ ጉሮሮዋ መሻከር ጀምሯል። በፊቴ ያጎነበሱትን ልጆች አየሁ፣ አንድ በአንድ፤ ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ። ደሴ ዘመድ ያለውን አውቃለሁ፣ የሌለውንም አውቃለሁ።

«አላስቆማትም» አልኳት።

አላስቆምኳትም። ነጃት ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንተኛውን ስም ጠርታ ስትጨርስ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኗል፤ ሸለቆ ውስጥ ከእኛ በቀር የቀረ ልጅ ጥቂት ነበር። ሶስና አልሄደችም ነበር። ስለ ውሉ ሌላ ቃል አልተናገረችም። የሞጆው መምህር ከልጆቹ ጋር እየሄደ መንገዱን በቀጥታ እያስተላለፈ ነው፣ ማየት ይፈልጋሉ ወይ አለችኝና ግድግዳው ላይ አወጣችልኝ።

አቧራማ መንገድ ነው። ሦስት መቶ ስምንት ልጆች በዩኒፎርም፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሳያወሩ ይሄዳሉ። መንገዱ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መጣ፤ ጥግ ላይ አንድ ቄስ፣ አንድ ሳጥን፣ የማዘጋጃ ቤት ልብስ የለበሱ ሁለት ሠራተኞች። ሳጥኑን በገመድ ሊያወርዱ ይዘውታል። የእግር ድምፅ ሰምተው ዞሩ። ሁለቱም ቆባቸውን አወለቁ፤ ሳጥኑን መልሰው ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጡና ልጆቹ እስኪደርሱ ጠበቁ።